ተኛ፣ እኔ እቀሰቅስሃለሁ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ በሌሊቱ ባቡር ላይ ከእሳቸው ጋር ያረጃችሁ ባልደረቦች፤ የእትዬ ባቡርን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ የመረጠው እኔን፣ በአንድ አጥር ብቻ የምንለያየውን ጎረቤታቸውን ነው። ልጃቸው ልታነበው ጀምራ አንደበቷ ተሳሰረ፤ ባለቤታቸው ጋሼ ልብስ ሰፊው ደግሞ «ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ ያላየችውንም አይታዋለች» ብለው ነገሩን ወደ እኔ ገፉት። ትምህርቷ አጭር ነው፣ ዓይኗና ጆሮዋ ግን ረጃጅም ናቸው እያላችሁ ስታሙኝ ኖራችኋል፤ እነሆ ዛሬ ሐሜታችሁ ለቁም ነገር በቃ።

እትዬ ባቡር የተወለዱት ከሐዲድ ጥገና ሠራተኛው አባታቸውና የባቡሩን አንሶላ ከሚያጥቡት እናታቸው፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ግድግዳው ጥላሸት በጠጣው የሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። ቤታቸው ለሐዲዱ እጅግ ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው እንደሚንሾካሾኩ ጎረቤቶች ይንቃጨሉ ነበር ይባላል፤ የሌላው ቤት ሕፃን በእሽሩሩ ሲተኛ እሳቸው በዚያ መንቀጥቀጥ ይተኙ ነበር፤ ባቡሩ የዘገየ ዕለት ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው ይጠብቁት ነበር ብለው እናታቸው ሲያወሩ ኖረዋል።

ለትምህርት በደረሱ ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብና መጻፉን ለይተዋል፤ ሆኖም ጥቁር ሰሌዳውን ከማየት ይልቅ በመስኮት የሚያልፉትን ፉርጎዎች መከተል ስለሚቀናቸው መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩባቸው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ በጆሯቸው ይከተሉት ጀመር። እናታቸው እጃቸው በሳሙና ተቆራርጦ ሥራ ባቃታቸው ጊዜ ትምህርቱን ትተው በእናታቸው ቦታ ማጠቢያ ቤት ገቡ። ያን ዘመን ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ይለዝብ ነበር። ከሐዲዱ ዳር በተዘረጋው ገመድ ላይ ነጩ አንሶላ ሁሉ ተሰጥቶ ነፋስ ሲነፋው፣ በመሃሉ ሲሄዱ መሬት የለቀቁ፣ ደመና ውስጥ የሚራመዱ ይመስላቸው ነበር። ደግሞም አንሶላ አይዋሽም ይሉኝ ነበር፤ ማን በሰላም እንዳደረ፣ ማን ሲገላበጥ እንደነጋበት፣ ማን ትራሱን አቅፎ እንዳለቀሰ ከጭምድዱ ያውቁት ነበር። ይህን ሲነግሩኝ እኔ የሰው ምሥጢር ለማወቅ አጥር ላይ ስንጠለጠል የኖርኩበት ዘመን ቆጨኝ።

የአልጋ ፉርጎዎቹ ኃላፊ አንድ ቀን ወደ ማጠቢያው ቤት ብቅ ብለው እትዬ ባቡር አንሶላ ሲያጥፉ ቆመው ተመለከቱና «ይቺ ልጅ እኮ አንሶላውን እያጠፈችው አይደለም፣ እያስተኛችው ነው» አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮሌታው የደረቀ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ተሰጥቷቸው በሌሊቱ ባቡር ላይ ተሳፈሩ።

ሥራውን ያስተማሯቸው፣ ፎጣ ከትከሻቸው ስለማይጠፋ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ፎጣ የሚላቸው አንድ ሽማግሌ አስተናጋጅ ናቸው። ጋሽ ፎጣም በባቡር ላይ ብርጭቆ ከግማሽ በላይ እንደማይሞላ፣ ሾርባ ከቀጠነ ወደ ተሳፋሪው ጭን እንደሚሄድ፣ ትሪ የያዘ ሰው በእግሩ ሳይሆን በጉልበቱ እንደሚራመድ፣ ተሳፋሪው ገና ሲሳፈር ዓይኑን አይቶ የራበውንና የከፋውን መለየት እንደሚያስፈልግ፣ የራበው ቶሎ መብላት፣ የከፋው ግን ከመስኮት አጠገብ መቀመጥ እንዳለበት አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ከሁሉ በላይ ግን ያስተማሯቸው ሰው መቀስቀስን ነው። ሰውን ከእንቅልፉ መጥራት ሕፃንን ከውሃ እንደማውጣት ነው ይሉ ነበር፤ አይነካም፣ አይጮህበትም፤ መጋረጃው ስንዝር ያህል ይከፈታል፣ ትኩስ ሻይ ከራስጌው ይቀመጣል፣ የሚወርድበት ጣቢያ ስም በዝግታ ይነገረዋል፣ ከዚያም ይጠበቃል። ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የሰው ፊት ከሆነ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ የሚያየው የሻይ እንፋሎት ከሆነ ግን ቤቱ ያደረ ይመስለዋል።

በዚህ ሥራ እትዬ ባቡርን የሚወዳደር አልተገኘም። ሲቀሰቅሱት በቡጢ የሚማታ አንድ የከብት ነጋዴ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በረዥም እንጨት ነበር ከሩቅ የሚነካካው። በእትዬ ባቡር እጅ የነቃ ዕለት ግን ሻዩን በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አላቸው፤ እሱ ሽበታም፣ እሳቸው ገና ያላገቡ ልጃገረድ ናቸው።

የዚያን ባቡር ምሽት ሲተርኩልኝ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርገውኛል። በምግብ ፉርጎው ውስጥ በየጠረጴዛው ላይ ቀላ ያለ ቆብ ያጠለቀች ትንሽ መብራት ትበራለች፤ መስኮቱ ስለሚጨልም ተሳፋሪው የገዛ ፊቱን እያየ ይበላል፤ ሩቅ ያለ መንደር መብራት በፊቱ መሃል፣ በግንባሩና በጉንጩ ላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል። ሾርባው ይመጣል፣ ቀጥሎ የተጠበሰ ዶሮ ከድንች ጋር፣ ቀጥሎ ማርማላታ የተቀባ ኬክ። የማይተዋወቀው ሰው ጨው እያቀባበለ ይተዋወቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ባቡር በአልጋው ፉርጎ ውስጥ ወንበሩን ዘርግተው አልጋ ያደርጉታል፤ አንሶላውን ይወጥራሉ፣ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ገልበጥ ያደርጉለታል፣ ለሽማግሌው ሁለተኛ ትራስ፣ ለብርዳሟ የሙቅ ውሃ ከረጢት እግርጌ ያኖራሉ። ተሳፋሪው ጠግቦ ሲመለስ ወንበሩ አልጋ ሆኖ ያገኘዋል፤ ማን እንዳነጠፈው ግን አያይም። «ባቡሩ ሙሉ ተኝቶ እኔ ብቻ ነቅቼ ስሄድበት፣ የአንድ ረዥም ቤት እናት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር» ብለውኛል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልግባ፤ ሁላችሁም በየጓዳችሁ የምታወሩት ስለሆነ ብዘለው እኔኑ ትታዘቡኛላችሁ። አንድ ምሽት አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ፣ አባታቸው በጠና መታመማቸው ተነግሯቸው ከከተማ ተሳፈሩ፤ ያ ወጣት ዛሬ ከፊታችን የተቀመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ያን ሰሞን ሥራ ተደራርቦባቸው፣ በላዩም የአባታቸው ነገር አስጨንቋቸው እንቅልፍ የሚባል ሳያዩ ሰንብተው ነበርና፣ አልጋቸው ላይ ከመውጣታቸው በፊት እትዬ ባቡርን ጠርተው «እህቴ፣ አደራ፤ ጎህ ሲቀድ ነው የምወርደው። ራሴን አላምነውም፤ አንቺን አምኛለሁ» አሏቸው። እሳቸውም «ይተኙ፣ እኔ እቀሰቅስዎታለሁ» ብለው ቃል ሰጡ።

ጎህ ሲቀድ እትዬ ባቡር ሻዩን ይዘው ገቡ፤ መጋረጃውንም ስንዝር ከፈቱ። ውጭው ጭጋግ ለብሷል፤ ከጭጋጉ ውስጥ ዛፎች አንድ በአንድ እየወጡ ተመልሰው ይገባሉ፤ ጋሼ ደግሞ በእንቅልፋቸው ይስቃሉ። ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፤ ሳቅ ነው፣ ትከሻ የሚነቀንቅ፣ ሕፃን ሲኮረኩሩት የሚስቀው ዓይነት ሳቅ። እትዬ ባቡር ስንቱን እንቅልፍ አይተዋል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላዩም። የጣቢያው ስም ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ትንሽ ይሳቁ፣ ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ እጠራቸዋለሁ አሉ። በዚህ መሃል ከወዲያኛው ክፍል አንዲት አሮጊት ውሃ ብለው ተጣሩ፤ እትዬ ባቡር ዞር አሉ። ያ ጣቢያ ትንሽ ነው፤ ባቡሩም የሚቆምበት ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ያህል ነው። ውሃውን ሰጥተው ሲመለሱ ጣቢያው ከኋላ ቀርቷል።

የጋሼ አባት እስከ ረፋድ በሕይወት ነበሩ። «ባቡሩ አልመጣም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር አሉ። ጋሼ ወዲያ ማዶ ካለው ጣቢያ ወርደው፣ የሚመለስ የዕቃ ባቡር ለምነው፣ ከከሰል ክምር ላይ ተቀምጠው ሲደርሱ አፈር ተመልሶ አገኙት።

ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን ለባቡሩ፣ ለጭጋጉ፣ ለአሮጊቷ ይሰጥ ነበር። እትዬ ባቡር ግን ወር ተራቸው ሲያልቅ፣ የደንብ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ፣ ያን ለቅሶ ቤት ጠይቀው ጠያይቀው ደረሱ። የጋሼ አክስት፣ አፋቸው እሳት የነበረ ሴት ናቸው አሉ፣ ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው «ደግሞ ቆብሽን አድርገሽ መጣሽ? ትኬት ልትቆርጪልን ነው?» አሏቸው። እትዬ ባቡር ከበሩ ሥር ከሰው ሁሉ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ጋሼም «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» ብለው ጠየቋቸው። «ገብቼ ነበር» አሉ እትዬ ባቡር፤ «እየሳቁ ነበር። ያን ሳቅ ለማቋረጥ አንጀቴ እንቢ አለኝ።» ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ፤ በሕልማቸው አብረዋቸው የነበሩት አባታቸው ነበሩና። በዕድሜያቸው ባቡር ያልተሳፈሩት እኒያ ገበሬ በምግብ ፉርጎው ውስጥ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስረው፣ የሾርባውን ሳህን በሁለት እጃቸው ጨምድደው «ልጄ፣ ይሄ ሳህን ምን አደረግኩትና ነው የሚሸሸኝ?» ይሉ ነበር።

ኃላፊው እትዬ ባቡርን ከአልጋው ፉርጎ አንስተው ወደ ምግብ ፉርጎው ወጥ ቤት አወረዷቸው፤ ወጥ ቤት ስል የእናንተን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ማሰብ እንኳ የማይችልባት ጠባብ ናት። እዚያ ድንች ላጡ፣ እንቁላል ቀቀሉ፣ ሾርባውን በጋሽ ፎጣ ትምህርት አወፈሩ። መቀስቀሱን የተረከበው ሰውዬ በቁልፍ በር የሚደበድብ ነበርና ተሳፋሪው ልቡን ይዞ መነሣት ጀመረ፤ ይኸው አቤቱታ በዝቶ ኋላ ላይ ኃላፊው ራሳቸው መጥተው ለምነው መልሰዋቸዋል፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ከሆነ በኋላ ነው።

ሌላው ነገር እንዲህ ነው። ጋሼ የአባታቸውን ቤት ጉዳይ ለመጨረስ በዚያ መስመር ደጋግመው መመላለስ ነበረባቸው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አልጋ አልተከራዩም። በምግብ ፉርጎው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ በእጃቸው ይዘው፣ መስኮቱን እያዩ ያነጉ ነበር። ወጥ ቤቱ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ተጫዋች ሰው ነበረ አሉ፣ በምግብ ማቀበያዋ ቀዳዳ አጮልቆ «ያ እንቅልፍ የነሣሽው ሰውዬሽ መጣልሽ» እያለ ያበሽቃቸዋል። እትዬ ባቡር መጀመሪያ ላይ ሾርባ ብቻ ይልኩ ነበር፤ ቀጥሎ ሾርባውን ራሳቸው ይዘው ወጡ፤ በመጨረሻም የጋሼን የቀላ ዓይን ማየት አልቻሉምና «ኧረ ሄደው ጋደም ይበሉ፤ እኔ እቀሰቅስዎታለሁ» አሉ።

«አንቺ?» አሉ ጋሼ።

ወጥ ቤቱ ጭልፋው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ጋሼ ራሳቸውም ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ናት። እትዬ ባቡርም ያንን ሳቅ፣ ትከሻ የሚነቀንቀውን፣ አወቁት። ሰው እነዚህ ሁለቱን ያጋባቸው ሐዘን ነው ይላል፤ ሰው ምን ያውቃል! ያጋባቻቸው ያቺ ሳቅ ናት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተጋቡ፤ አፈ እሳቷ አክስት ሳይቀሩ በሠርጉ ላይ አጨብጭበዋል።

ወደ ሰፈራችን የገቡት ልጃቸው ሆዳቸው ውስጥ እያለች ነው። በገቡ ዕለት ልቀበላቸው ሄጄ ነበር፤ ለመቀበል እንጂ ለመሰለል አይደለም። ሻዩን ግማሽ ብርጭቆ ቀድተው ሰጡኝ። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ «አዲሷ ሴትዮ እጇ ይቆጥባል» ይል ነበር፤ ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ኋላ ነው ያስተዋልነው፤ ግማሹ ሳያልቅ ግማሽ ይጨምራሉ፣ እሱ ሳያልቅ ደግሞ ይጨምራሉ፤ ከእሳቸው ቤት ሻይ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ የወጣ የለም። እትዬ ባቡር የሚለውን ስምም ያን ጊዜ አወጣንላቸው፤ እሳቸውም «ደስ ይለኛል፤ ረዥም ነኝ፣ እጮሃለሁ፣ ደግሞ በሰዓቴ ነው የምደርሰው» ብለው ተቀበሉት።

በትዳራቸው ውስጥ አንዲት እሾህ ነበረች፤ እሷን ካልተናገርኩ ሕይወታቸውን አልተናገርኩም። ጋሼ በደህና ቀን እንደማናችንም ይተኛሉ፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ግን ዓይናቸው አይከደንም። ሰው ተኝቼ ሳለ ትቶኝ ይሄዳል የሚል ፍርሃት ከዚያች ጣቢያ ጀምሮ ልባቸው ውስጥ ቀርቷል። እትዬ ባቡር ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አጥብቀው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር ብል አልዋሸሁም፤ ያም ጋሼ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእሳቸው ቃል አምነው እንዲተኙ ነው። ለማያውቁት መንገደኛ ሁሉ ያገለገለው ቃላቸው በገዛ ቤታቸው ውስጥ አልሠራ አለ።

ልጃቸው ሕፃን ሳለች ሳንባዋን ብርድ መትቷት ከሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። ጋሼ አጠገቧ ተቀምጠው፣ እንቅልፍ ሊጥላቸው ሲል በመርፌ አውራ ጣታቸውን ይወጉ ነበር። እትዬ ባቡርም «ተኛ፣ እኔ እቀሰቅስሃለሁ» አሏቸው። «አንቺ?» አሉ ጋሼ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። እኔ በአጥሩ በኩል ነበርኩ፤ እትዬ ባቡር ወደ ግቢ ወጥተው፣ ገመዱ ላይ የደረቀውን ልብስ አንድ በአንድ አውርደው፣ መልሰው አንድ በአንድ ሲሰቅሉት አየሁ። ልጅቷ ዳነች፤ እነሆ ዛሬ ነርስ ሆና ሌላውን ታስታምማለች። ከእሷ ቀጥሎ የተወለደው ወንድ ልጃቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እናቱ ከሃዲ ይሉት ነበር፤ በፍቅር ነው፣ ግን ይሉት ነበር።

የሌሊቱ ባቡር፣ የቀኑ ባቡር ፈጣን ሆነ ተብሎ አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ እትዬ ባቡር ጡረታ ወጡ። እኛ ታመሙ፣ ተከዙ ለማለት ስንዘጋጅ እሳቸው ሰፈሩን ወደ ፉርጎ ለወጡት፤ የፈተና ቀን የማንኛችንም ልጅ በእናቱ ጩኸት አልነቃም፤ ሻይ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩት እሳቸው ነበሩ። የእኔ የመጨረሻ ልጅ እስከ ዛሬ የሚስቱን አቀሰቃቀስ ከእትዬ ባቡር ጋር እያወዳደረ ቤቱን ያምሳል።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው፣ የቀረውን ለቤተሰብ ፍቅር ተዉት። አልጋቸው ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ወጣ፤ ጋሼም የስፌት መኪናቸውን ጎትተው ከአልጋው አጠገብ ተከሉ። ቀንም ሌትም ቀዳዳ የሌለውን ልብስ ሲጥፉ ከረሙ። አውራ ጣታቸው እንደገና በመርፌ ተወጋጋ። ሰውነታቸው አለቀ፤ ዓይናቸው የበሰለ በርበሬ መሰለ፤ ልጃቸው «አባዬ፣ እንዲህ ከሆንክ አንተ ትቀድማታለህ» እያለች ታለቅስ ነበር። እትዬ ባቡር ግን አልለመኑም፣ አልተቆጡም፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ «ተኛ፣ እኔ እቀሰቅስሃለሁ» ይላሉ፤ ጋሼም «አንቺ?» ይላሉ። እንዲህ ሆኖ ሰነበተ።

ባረፉበት ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ሾርባ ይዤ ገባሁ። ሁለት ማንኪያ ቀመሱልኝና «ይሄ ሾርባ ባቡር ላይ ቢሆን ይኼኔ ጭንሽ ላይ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጋሼ መለሱ። «ተኛ፣ እኔ እቀሰቅስሃለሁ።» እኔ መልሱን ስለማውቀው ሳህኔን ማንሳት ጀምሬ ነበር። መልሱ አልመጣም። ጋሼ ሚስታቸውን ለረዥም ጊዜ አዩአቸው፤ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከአልጋው እግርጌ በተነጠፈችው ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ፤ ጉድጓድ እንደተጣለ ድንጋይ ወዲያው ጠፉ።

የእትዬ ባቡርን ፊት ያኔ ባያችሁ! ሕመሙ ሁሉ ከላዩ የተገፈፈ መሰለኝ። የመስኮቱ መጋረጃ በነፋሱ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ክፍሉም አብሮት የሚሄድ ይመስል ነበር። «አየሽ፣ ፉርጎው ሙሉ ተኛ» አሉኝ በሹክሹክታ። እሳቸው የተኙትን ጋሼን ሲያዩ፣ እኔም ሁለቱን ሳይ፣ ፀሐይዋ ከብርድ ልብሱ ወርዳ ወለሉ ላይ ደረሰች።

ከዚያ የእትዬ ባቡር ትንፋሽ ተለወጠ። ይህን ትንፋሽ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጃቸው ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበርና ልጠራት ስነሣ «አሁን ቀስቅሺው» አሉኝ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው፣ አፋቸውን እንደ ሕፃን ከፈት አድርገው ተኝተዋል፤ ስንት ጊዜ ያልቀመሱት እንቅልፍ ነው! እኔም «ኧረ ጥቂት ይተኙ፣ እትዬ፤ አሁን እኮ ነው ጋደም ያሉት» አልኩ። እትዬ ባቡር የቀሚሴን ጫፍ ያዙ። ያ እጅ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «አሁን» አሉኝ። «ቃሌ ነው።»

ጋሽ ፎጣ ቢያዩኝ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። ትከሻቸውን ይዤ ናጥኳቸው፣ ስማቸውን ጠርቼ ጮህኩባቸው፣ የስፌት መኪናውን በክንዴ መትቼ አንቀጫቀጭኩት። ጋሼ ብድግ አሉ፤ ደነገጡ፤ አዩ፤ ገባቸው። በጉልበታቸው ተንበርክከው የሚስታቸውን እጅ ያዙ። እትዬ ባቡርም ዓይናቸውን ከፍተው እያዩአቸው ነበር።

እኔ በዚህ ሰፈር ከአንድም ክፍል በፈቃዴ ወጥቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁ። ልጃቸውን ከግቢ ጠራሁና እጇ ሳሙና እንደሆነ ገባች። ሦስቱ ምን እንደተባባሉ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ማለት ይቃጣኝ ነበር፤ እውነቱ ግን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን በር ላይ አልለጠፍኩም። ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ ስትወርድ ጋሼ በሩን ከፍተው ወጡና «ነቅቼ ነበር» አሉኝ። 

እትዬ ባቡር ከባለቤታቸው ከጋሼ ልብስ ሰፊው ሌላ፣ ነርሷን ሴት ልጃቸውን፣ አውቶቡሱን አቁሞ ከቀብሩ የደረሰውን ወንድ ልጃቸውን፣ በየእናት በየአባታቸው ጭን ላይ ያንቀላፉትን የልጅ ልጆቻቸውን፣ በባቡሩ ላይ አብረዋቸው የደከሙትን ባልደረቦቻቸውንና ከዛሬ ጀምሮ በጩኸት የምትነቃውን ይህችን ሰፈር ትተው ሄደዋል።

አንድ አደራ አለኝ። ጋሼን ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ይዟቸዋል፤ አሁንም በተቀመጡበት ሲያንቀላፉ የምታዩአቸው ለዚህ ነው፤ ሰው እንዳይታዘባቸው። ከዚህ ስንመለስ ይተኛሉ። ስትገቡ ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ለቅሷችሁን እስከ ማታ አቆዩላቸው።

ፈጣሪ የእትዬ ባቡርን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ በእሳቸው እጅ የነቃ ሁሉ በዚያ በፊቱ ቆሞ ይመስክርላቸው፤ ለቀሩትም እንቅልፍና መጽናናት ይስጥልን። አሜን።